ታላላቅ ሰዎችን እንወቅ፦ ዮሐንስ ኬፕለርና የሩቅ ፀሐዮች ፕላኔቶች

ልጆች፣ ዛሬ ጨዋታችንን ከቡና እንጀምር። ቡና ጠጡ ልንላችሁ አይደለም፣ ለሱ ገና ናችሁ! የምናወራው ስለ ስም ነው። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ የመጀመሪያው አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ይባላል አይደል? የማታውቁ ካላችሁ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁ።

ታዲያ ሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብና አቦል የምትባል ፕላኔት እንዳሉ ሰምታችኋል? ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እየሰጠ ስም አውጡላቸው አለ። ኢትዮጵያም ለደረሳት ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው ለምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል የሚል ስም አወጣች። ቡና የኛን ፀሐይ የሚመስል፣ ከሷ ግን በመጠን የሚበልጥ ኮከብ ነው። ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ 200 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህ በጣም ሩቅ ይመስላል፤ ሰማይ ግን በጣም ሰፊ ስለሆነ ይህ ርቀት የጎረቤት ያህል ነው የሚቆጠረው።

አቦልን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ሳይንቲስቶች መኖሯን ያወቁት ኮከቡን እየጎተተች ወዲህና ወዲያ ስታወዛውዘው አይተው ነው። ታዲያ ያላዩዋት ፕላኔት ከኮከቧ ምን ያህል እንደምትርቅ በምን አወቁ? ይህን ለማወቅ የረዳቸው ከ400 ዓመት በፊት የኖረ፣ ዓይኑ ደካማ የሆነ፣ በድህነት ያደገ አንድ ሰው ያገኘው ሕግ ነው። የዛሬው ታሪካችን የዚህ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ዮሐንስ ኬፕለር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደካማው ሕፃን

ኬፕለር የተወለደው ዲሴምበር 27 ቀን 1571 ሲሆን፣ የትውልድ ከተማው በዛሬዋ ጀርመን የምትገኘው ትንሿ ቫይል ዴር ሽታት ናት። ጊዜው ሳይደርስ ስለተወለደ ደካማ ሕፃን ነበር። አባቱ ለገንዘብ የሚዋጋ ወታደር ስለነበረ ብዙ ጊዜ ከቤት ይጠፋል፤ በመጨረሻም እንደወጣ ቀረ። እናቱ ካታሪና የእንግዳ ማረፊያ ቤት ባለቤት ልጅ ነበረች። ቅጠላ ቅጠል እየቀመመች መድኃኒት የማዘጋጀት ልማድ ነበራት። ልጆች፣ ይህን የቅጠላ ቅጠል ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ኬፕለር በልጅነቱ ፈንጣጣ ያዘው። ከሞት ቢተርፍም ዓይኑ ደከመ፣ እጆቹም ተጎዱ። በ1577፣ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላው፣ በሰማይ ላይ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ታየ። እናቱ እጁን ይዛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወስዳ አሳየችው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ደግሞ ሌሊት ወደ ውጭ ተጠርቶ የጨረቃን ግርዶሽ አየ። እነዚህን ሁለት ሌሊቶች ዕድሜውን ሙሉ አልረሳቸውም። ወላጆች ልብ በሉ፤ አንዲት ድሃ እናት ልጇን አንድ ምሽት ሰማይ ማሳየቷ ይህን ያህል ፍሬ ነበረው።

ቤተሰቡ ለትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ደግነቱ የአካባቢው መስፍን ጎበዝ የሆኑ የድሃ ልጆችን በነፃ ያስተምር ስለነበር ኬፕለርም ዕድሉን አገኘ። በ1589 ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሐሳቡ የሃይማኖት አገልጋይ ለመሆን ነበር። እዚያ ግን ሚካኤል ሜስትሊን የሚባል መምህር፣ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ትምህርት አሳየው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ፀሐይ ናት በመሬት ዙሪያ የምትዞረው ብሎ ያምን ነበር። ኬፕለር ግን የኮፐርኒከስ ሐሳብ እውነት ሆኖ ታየው።

በ1594፣ በ22 ዓመቱ፣ ግራትስ በምትባል የዛሬዋ ኦስትሪያ ከተማ የሂሳብ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ሲያስተምር ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው እየዘለለ ስለሚሄድ ተማሪዎቹ ሊከተሉት አልቻሉም። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች መጡ፤ በሁለተኛው ዓመት ለሂሳብ ትምህርቱ አንድም ሰው አልመጣም! እናንተ ግን በቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋችሁን ትታችሁ አማርኛ ለመማር ስለምትመጡ እናመሰግናችኋለን።

ስደትና የፕራግ ከተማ

የግራትስ ገዢ ካቶሊክ ነበር፤ ኬፕለር ደግሞ ፕሮቴስታንት። ገዢው ፕሮቴስታንቶች ሁሉ ሃይማኖታቸውን ይቀይሩ፣ አለዚያ ከተማውን ለቀው ይውጡ ብሎ አዘዘ። ኬፕለር ሃይማኖቴን አልቀይርም አለ። በ1600 ሚስቱንና ቤተሰቡን ይዞ ተሰደደ። ቤትን ጥሎ ወደማያውቁት አገር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከወላጆቻችን መካከል በደንብ የሚያውቁ አሉ።

የሄደው ወደ ፕራግ ነው። እዚያ የንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ የሆነው ዴንማርካዊው ታይኮ ብራሄ ነበር። ታይኮ በወጣትነቱ በሰይፍ ሲዋጋ አፍንጫው ስለተቆረጠ ከብረት የተሠራ አፍንጫ ያደርግ ነበር። ሀብታምና ቁጡ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌስኮፕ ገና አልተሠራም። ታይኮ ግን በትልልቅ መለኪያዎች ከ20 ዓመት በላይ የፕላኔቶችን ቦታ ሌሊት ሌሊት እየለካ ይጽፍ ነበር። ከሱ በፊት እንዲህ አስተካክሎ የለካ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ታይኮ ልኬት አለው፤ ልኬቱን አስልቶ ትርጉሙን የሚያወጣለት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ኬፕለር ደግሞ ሂሳብ ያውቃል፤ ዓይኑ ግን ኮከብ ለመለካት አይመችም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ቢጣሉም አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም ነበር። በ1601 ታይኮ ሞተ፤ ኬፕለርም በቦታው ተተካ።

ስምንት ደቂቃ

ለኬፕለር የተሰጠው ሥራ የማርስን መንገድ ማግኘት ነበር። ማርስ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነበረች። ኬፕለር በ8 ቀን እጨርሰዋለሁ ብሎ ጀመረ፤ የፈጀበት ግን 5 ዓመት ገደማ ነው!

ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ሊቃውንት ሁሉ ፕላኔቶች የሚሄዱት በክብ መንገድ ነው ይሉ ነበር። ክብ ፍጹም ቅርጽ ነው፤ ሰማይም ፍጹም ነው ብለው ስለሚያስቡ ሌላ ቅርጽ አይታያቸውም። ኬፕለርም ይህንኑ ያምን ነበር። ወረቀት እያገላበጠ፣ እየደመረና እያባዛ ለማርስ አንድ የክብ መንገድ ሠራላት። ዛሬ በካልኩሌተር በአንድ አፍታ የሚያልቀውን ሂሳብ እሱ በእጁ እየደጋገመ ነበር የሚሠራው። በመጨረሻ ውጤቱን ከታይኮ ልኬት ጋር ሲያስተያየው ገጠመለት ሊባል ምንም አልቀረውም። ልዩነቱ 8 ደቂቃ ብቻ ነበር።

ይህ የሰዓት ደቂቃ አይደለም። ሰማይን ዙሪያውን በ360 ዲግሪ እንከፍለዋለን፤ እያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 60 ደቂቃ አለው። ሙሉ ጨረቃ ከዳር እስከ ዳር 30 ደቂቃ ገደማ ናት። ስለዚህ 8 ደቂቃ ማለት የጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ነው። ትንሽ ነገር ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሯን ወዲህ ገፋ፣ ወዲያ ሳብ አድርጎ ይሸፍናት ነበር። ማንም አያውቅበትም።

ኬፕለር ግን ታይኮ 8 ደቂቃ ያህል አይሳሳትም ብሎ አመነ። ልኬቱ ትክክል ከሆነ የተሳሳተው የራሱ ሐሳብ ነው ማለት ነው። እናም የለፋበትን ሁሉ ጥሎ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ። ልጆች፣ እስቲ አስቡት። ለብዙ ጊዜ የደከማችሁበትን የቤት ሥራ፣ ማንም በማያየው ትንሽ ስህተት ምክንያት ቀዳችሁ እንደገና ብትጀምሩ ምን ይሰማችኋል?

በ1605 እውነቱ ተገለጠለት። ማርስ የምትሄደው በክብ ሳይሆን በሞላላ መንገድ ነበር። ሞላላ ምን እንደሆነ ለማየት ካርቶን ላይ ሁለት ስፒሎች ትከሉ፤ ሁለቱን ጫፎች ያሰራችሁትን ላላ ያለ ክር በስፒሎቹ ዙሪያ አድርጉ፤ ከዚያ እርሳስ ክሩ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ክሩን ወጥራችሁ ዙሪያውን ሳሉ። የሚወጣው ቅርጽ ሞላላ ነው። ፀሐይ በመሐል ሳትሆን በአንደኛው ስፒል ቦታ ላይ ናት። ደግሞም ፕላኔቷ ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ቀስ ትላለች። ኬፕለር ይህን ሁሉ በ1609 በመጽሐፍ አሳተመው።

ኬፕለር የፈራው ነገር

በ1610 ጋሊሊዮ የሚባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በአዲሱ መሣሪያ፣ በቴሌስኮፕ፣ አራት አዳዲስ ፕላኔቶች አየ የሚል ወሬ ፕራግ ደረሰ። አንድ ወዳጁ በሠረገላ ቤቱ ድረስ መጥቶ ነገረው። ኬፕለር ደስ አለው፤ ግን ደነገጠም። ለምን መሰላችሁ?

ከዚያ በፊት ጆርዳኖ ብሩኖ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። ኮከቦች ሁሉ ሩቅ ያሉ ፀሐዮች ናቸው፤ በዙሪያቸውም እንደኛ ያሉ ዓለማት ይዞራሉ ብሎ ያስተምር ነበር። በዚህና በሃይማኖት ትምህርቶቹ ምክንያት በ1600 ሮም ላይ ሞት ተፈርዶበት ተገደለ። ኬፕለር የብሩኖን ሐሳብ አይወደውም ነበር። ለሱ የኛ ፀሐይ ልዩ ናት፤ እሷን የመሰለ የለም። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፀሐዮችና ዓለማት አሉ ብሎ ማሰቡ ያስፈራው ነበር። ስለዚህ ጋሊሊዮ ያያቸው ፕላኔቶች በሌላ ኮከብ ዙሪያ የሚዞሩ እንዳይሆኑ ሰጋ። በኋላ የሚዞሩት በጁፒተር ዙሪያ መሆኑን ሲሰማ እፎይ አለ። ብዙዎች ጋሊሊዮን ሲጠራጠሩ ግን ኬፕለር በአደባባይ ደገፈው።

በዚህ ነገር ኬፕለር ተሳስቶ ነበር። ታላቅ ሰው ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። ወደፊት እንደምታዩት ግን፣ በፈራቸው ዓለማት ላይ ሁሉ የሚሠራውን ሕግ ያገኘው ራሱ ነው።

መከራ በመከራ ላይ

1611 ክፉ ዓመት ሆነበት። የ6 ዓመት ልጁ በፈንጣጣ ሞተ፤ ሚስቱም ታማ ሞተች። የሚያሠራው ንጉሠ ነገሥት ከሥልጣን ወረደ። ደመወዙም በጊዜው ተከፍሎት አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ሊንዝ ወደምትባል ከተማ ሄዶ እንደገና ማስተማር ጀመረ።

በ1615 ደግሞ ከትውልድ አገሩ ክፉ ወሬ መጣ። እናቱ ካታሪና መተተኛ ናት ተብላ ተወነጀለች። አንዲት ጎረቤት ካታሪና የሰጠችኝን መጠጥ ጠጥቼ ታመምኩ አለች። የቅጠላ ቅጠሉ ነገር መጣ አይደል? ወሬ ወሬን ወለደ። በዚያን ዘመን አውሮፓ ውስጥ በዚህ ዓይነት ክስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። በ1620 ከ70 ዓመት በላይ የሆናት አሮጊት በሰንሰለት ታሰረች።

ኬፕለር ሥራውን ጥሎ እናቱን ሊያድን ሄደ። ጠበቃ ሆኖ እያንዳንዱን ክስ መረመረ። ለምሳሌ አንዲት ልጅ ካታሪና በአጠገቧ ስታልፍ ክንዷን እንዳመማት ተናግራ ነበር። ኬፕለር ልጅቷ ያን ጊዜ ከባድ ጡብ ተሸክማ እንደነበር፣ ክንዷን ያደነዘዘውም ሸክሙ መሆኑን አስረዳ። እንዲህ እያለ አንድ በአንድ መልስ ሰጠ። ማርስን የመረመረበትን ዘዴ ነው ለእናቱም የተጠቀመበት፦ ሰው የሚለውን ዝም ብሎ አለመቀበል፣ የነገሩን ምክንያት መፈለግ።

ዳኞቹ በመጨረሻ ካታሪናን የማሠቃያ መሣሪያዎች ፊት አቁመው አስፈራሯት። እሷ ግን ያላደረግሁትን አደረግሁ አልልም ብላ ጸናች። ከ14 ወር እስራት በኋላ፣ በ1621፣ ነፃ ወጣች። ከስድስት ወር በኋላ አረፈች። ልጇን እጁን ይዛ ጅራታም ኮከብ ያሳየችው እናት፣ ልጇ ደርሶላት በነፃነት ሞተች።

ሦስተኛው ሕግ

በዚህ ሁሉ መካከል፣ በ1618፣ ትንሽ ልጁ በሞተችበትና ትልቁ ጦርነት በጀመረበት ዓመት፣ ኬፕለር ሦስተኛውን ሕግ አገኘ። ሕጉ ፕላኔት ከፀሐይ ያላትን ርቀትና አንድ ዙር ለመዞር የሚፈጅባትን ጊዜ ያገናኛል። በቀላሉ እንየው። አንዲት ፕላኔት ከፀሐይ የምትርቀው መሬት ከምትርቀው 4 እጥፍ ነው እንበል። 4 × 4 × 4 ስንት ነው? 64። አሁን ደግሞ በራሱ ተባዝቶ 64 የሚሆነውን ቁጥር ፈልጉ። 8 × 8 = 64። ስለዚህ ያቺ ፕላኔት አንድ ዙር የምትዞረው በ8 ዓመት ነው! ጊዜውን ካወቅን ርቀቱን፣ ርቀቱን ካወቅን ጊዜውን ማግኘት እንችላለን። በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ኒውተን፣ የኮከቡ ክብደት ከታወቀ ሕጉ ለማንኛውም ኮከብ እንደሚሠራ አሳየ።

ኬፕለር በ1627 የፕላኔቶችን ቦታ የሚያሳይ ትልቅ የሰንጠረዥ መጽሐፍ አሳተመ። በሱ አስልቶ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1631 ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት ለፊት ታልፋለች ብሎ አስቀድሞ ለዓለም አስታወቀ። ራሱ ግን ያን ቀን አላየውም። ያልተከፈለውን ገንዘብ ለመጠየቅ በብርድ ረጅም መንገድ ተጉዞ ሬገንስቡርግ ከተማ ሲደርስ ታመመ፤ ኖቬምበር 15 ቀን 1630 በ58 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩም በጦርነቱ ጠፋ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በተባለው ቀን፣ ጋሳንዲ የሚባል ሰው ፓሪስ ውስጥ ሆኖ የፀሐይን ምስል በወረቀት ላይ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። ትንሽ ጥቁር ነጥብ ፀሐይን አቋርጣ ስታልፍ አየ። ሜርኩሪ ነበረች!

የፈራቸው ዓለማት ተገኙ

በ1995 ሁለት የስዊስ ሳይንቲስቶች፣ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ፣ 51 ፔጋሲ በሚባል ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት አገኙ። ፀሐይን የሚመስለው ይህ ኮከብ 50 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ፕላኔቷ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው። ሳይንቲስቶቹ የኬፕለርን ሕግ ተጠቅመው ለኮከቧ በጣም ቅርብ መሆኗን ወዲያው አወቁ። በ2019 ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

በ2009 ደግሞ አሜሪካኖች ፕላኔት የሚፈልግ ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር አመጠቁ፤ ስሙንም ኬፕለር አሉት። ዘዴው ጋሳንዲ ያያትን ጥቁር ነጥብ ይመስላል። ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ቴሌስኮፑ ያቺን ቅናሽ ይጠብቃል። በዚህ መንገድ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች ተገኙ። በ2018 ነዳጁ አለቀ። የመጨረሻው የመዝጊያ ትእዛዝ የተላከለት ኖቬምበር 15 ቀን፣ ማለትም ዮሐንስ ኬፕለር ባረፈበት ዕለት ነበር።

የኛዋስ አቦል? አቦል ክብደቷ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የሆነ ግዙፍ ፕላኔት ናት። ኮከቧን ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል፤ በአማካይ ከቡና የምትርቀውም መሬት ከፀሐይ ከምትርቀው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። መንገዷ ደግሞ በጣም የተለጠጠ ሞላላ ነው። ኬፕለር ስምንቷን ደቂቃ ሸፍኗት ቢሆን ኖሮ ይህን መንገድ ለመረዳት ስንት ዘመን በጠበቅን ነበር!

አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ልጆች፣ ስህተት ስታገኙ አትደብቁት፤ የራሳችሁም ቢሆን። ምናልባት አንድ ቀን ከናንተ አንዱ በቡና ዙሪያ ሌሎች ፕላኔቶች ያገኝ ይሆናል። ስም ፍለጋ አትቸገሩም፤ ቶናና በረካ ተዘጋጅተው እየጠበቋችሁ ነው።

እስቲ መልሱ

1. ኬፕለር በልጅነቱ እናቱ ምን አሳየችው?
2. 8 ደቂቃ የተባለው ልዩነት ምን ነበር? ኬፕለርስ ሲያገኘው ምን አደረገ?
3. ኬፕለር እናቱን ያዳነው እንዴት ነው?
4. ከመሬት 9 እጥፍ ከፀሐይ የምትርቅ ፕላኔት አንድ ዙር በስንት ዓመት ትዞራለች? ሂሳቡን ሠርታችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።

ለወላጆች፦ ሰማይ ጥርት ባለበት ምሽት ልጆቻችሁን ለአሥር ደቂቃ ወደ ውጭ አውጧቸው። ጨረቃ፣ ኮከብ፣ ፕላኔት፣ ግርዶሽ የሚሉትን ቃላት በአማርኛ እያላችሁ አሳዩአቸው። እናንተም በልጅነታችሁ ስለ ሰማይ የሰማችሁትን ተረት ንገሯቸው።